አባባ እና 3611

ሐይቅ ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ ተሰቅሏል። ጥቁር ነው። ገመዱ ከመሀል ተቆርጧል። አባባ ጡረታ ሲወጣ ከሥራው ይዞት የመጣው እሱንና አንድ ወፍራም ደብተር ብቻ ነው። ማዳመጫውን ያየ እንግዳ ሁሉ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ይላል። ደብተሩን ግን ያየው ጥቂት ሰው ነው። እማማ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ነው የምታስቀምጠው።

አባባ የስልክ ኦፕሬተር ነበር። ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የምትገኝ ከተማ ናት። ያኔ ስልክ የሚሠራው በስዊችቦርድ ነበር። ላላያችሁት ልንገራችሁ። ቀዳዳ የሞላበት ሰሌዳ ነው። ደንበኛ ሲደውል ከቀዳዳው በላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። አባባ ገመዱን እዚያ ይሰካና "አቤት፣ ማንን ላገናኝ?" ይላል። ከዚያ የገመዱን ሌላ ጫፍ ተፈላጊው ቀዳዳ ላይ ሰክቶ መዘውሯን ያዞራል። ከተማው ውስጥ ስልክ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። የሌለው ሰው ሲፈለግ የጥሪ ወረቀት ይላክለታል። "ነገ በ4 ሰዓት ከአዲስ አበባ ትፈለጋለህና ቅረብ" የሚል። ሰውዬው ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንዳንዱ መስመሩ ተበላሽቶ ሳያወራ ይመለሳል።

ልጅ ሆኜ እዚያ አግዳሚ ላይ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ሰው ለመደወል ብቻ አልነበረም የሚመጣው። ለመጠየቅ ነበር። "ደሴ ጤፍ ስንት ገባ?" "የወልድያ አውቶቡስ ተነሥቷል?" "የስምንተኛ ክፍል ውጤት መጥቷል ወይ?" አባባ ካወቀ ይነግራል። ካላወቀ መስመሩ ክፍት ሲሆን ደሴ ያለውን ኦፕሬተር ይጠይቅለታል። ይህ ሥራው ውስጥ አልተጻፈም። ግን ገመዱ በእጁ ነው፣ እንዴት እምቢ ይላል?

ይሄን ሁሉ ያነሣሁት ስለ አንድ የፈረንሳይ ዕቃ ልጽፍ ፈልጌ ነው። ስሙ ሚኒቴል ይባላል። ስለሱ መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ላሊበላ እንግዳ አመላልስ ነበር። አንድ ቀን የጫንኩት ሰው ሽበታም ፈረንሳዊ ነው። የመጣው ሬን ከምትባል ከተማ ነው። ሐይቅ ስንደርስ ቤታችን ቡና እንዲቀምስ ወሰድኩት። ገና ከበሩ እንደገባ ማዳመጫውን አየና ቀጥ ብሎ ቆመ። "የማን ነው?" አለኝ። አባባ ከመደቡ ሳይነሣ "የኔ ነው፣ ሙሴ" አለ። ሰውዬው ደረቱን እየመታ "እኔም! እኔም!" ይላል። ለካ እሱም ዕድሜውን ሙሉ የስልክ ቴክኒሻን ሆኖ ነው የኖረው። እኔ መሀል ገብቼ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ላስተረጉም ብል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድመውኝ በእጃቸው እየሰኩና እየነቀሉ መግባባት ጀምረዋል። እማማ አቦሉን ቀዳች። ቶናው ላይ ስንደርስ እንግዳው ስለ ሚኒቴል ማውራት ጀመረ። በረካው ላይም አልጨረሰም።

መጀመሪያ ያወራው ስለ ወረፋ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ስልክ ማስገባት ዓመታት ያስጠብቅ ነበር። "ግማሹ ፈረንሳይ ስልክ ይጠብቃል፣ ግማሹ ደግሞ ስልኩ ድምፅ እስኪሰጥ ይጠብቃል" እየተባለ ይቀለድ ነበር አለን። አባባ ይሄን ሳስተረጉምለት በጣም ሳቀ። "እነሱም?" አለ። ፈረንጅ አገር ሁሉም ነገር ድሮም የነበረ ይመስለን የለ?

ከዚያ መንግሥታቸው ቆርጦ ተነሣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መስመር በየቤቱ ገባ። መስመሩ ሲበዛ ሌላ ችግር መጣ። የስልክ ማውጫ መጽሐፉ እየወፈረ ሄደ። በየዓመቱ ማሳተሙ ከባድ ወጪ ነው። ታትሞ ሳይታደል ያረጃል። ታዲያ መጽሐፉን ትተው ለየቤቱ አንድ ትንሽ ማሽን ለመስጠት አሰቡ። ሚኒቴል ያ ማሽን ነው። ስክሪን አለው፣ ኪቦርድ አለው፣ ከስልኩ መስመር ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሳን ማሎ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተሞከረ። በ1982 ለሕዝብ ወጣ። የእኛ እንግዳ ከተማ ሬን ያለችበት አውራጃ ቀድመው ካገኙት ውስጥ ነው። እሱም በመኪና እየጫነ ሲያድል ነበር።

"በስንት ብር?" አለ አባባ።

"በነጻ።"

አባባ እኔን አየኝ። በትክክል ያስተረጎምኩ አልመሰለውም። ደግሜ ጠየቅኩት። በነጻ ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ተራውን ማሽን ያለ ክፍያ ይወስዳል። የሚከፍለው ለሚጠቀምበት ደቂቃ ነው። ማውጫውን ለማየት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች አይታሰቡም።

እኔ እዚህ ጋ ነው ልቤ የተነካው። እ.ኤ.አ. 1982 ላይ ኮምፒውተር ያለው ሰው በዓለም ላይ ስንት ነበር? ያውም ሀብታም ወይም ምሁር። እነዚህ ሰዎች ግን ማሽኑን ለገበሬውም፣ ለዳቦ ጋጋሪዋም፣ ለጡረተኛውም እኩል ሰጡ። የመጀመሪያዎቹ ሚኒቴሎች ላይ ፊደሉ የተደረደረው በተራ ነበር፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ። ታይፕ የማያውቅ ሰው ፊደሉን ፈልጎ እንዲያገኝ ነው። አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ስልኩን ታነሣለህ። ቁጥሩን ትደውላለህ። ሲጮህ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ። አለቀ።

በዚያው ጊዜ እንግሊዞችም ፕሬስቴል የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት ነበራቸው። እንዲያውም ቀድመዋል፣ በ1979 ነው የከፈቱት። ግን መሣሪያውን ተጠቃሚው ራሱ መግዛት ወይም መከራየት ነበረበት። 100,000 ደንበኛ ሳይሞላ ቀረ። ሚኒቴል በሚሊዮን ተቆጠረ። በኋላ ብዙ ሳነብ ያገኘሁት ልዩነት ይሄው ነው። ቴክኒኩ ያው ነው። የተለየው በሩን ማን እንደከፈተና ለማን እንደከፈተ ነው።

የማውጫው ቁጥር በኋላ 3611 ሆነ። የሰውን ስምና ከተማውን ስትጽፍ ስልክ ቁጥሩንና አድራሻውን ያወጣልሃል። አባባ ትንሽ አሰበና "ፊደል ቢሳሳትስ?" ብሎ ጠየቀ። እንግዳው ፊቱ በራ። ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነዋ። ማሽኑ በድምፅ የሚመሳሰሉ ስሞችንም አብሮ ይፈልጋል አለው። ተሳስተህ ብትጽፍም ሰውህን ያገኝልሃል።

አባባ ዝም አለ። ሲኒውን አስቀመጠ። ከዚያ እማማን "እስቲ ያን ደብተር አምጪልኝ" አላት።

አሁን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ።

ወሎ ውስጥ "ሰባ ሰባት" ካልክ ማብራሪያ አያስፈልግም። ድርቁ በ76 ጀምሮ 77 ላይ ሰውን የጨረሰበት ጊዜ ነው። የሞተው ሞተ። ከተረፈው ብዙው ለሰፈራ ተጫነ። ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ መተከል። ባል አንድ ቦታ፣ ሚስት ሌላ ቦታ የደረሱ አሉ። ልጅ ከመጠለያ ተነሥቶ እናቱ ሳታየው የሄደ አለ። ማን የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሰው የመጣው ወደ አባባ ነው። ስልክ ቤት ስለሆነ ያውቃል ብለው ነው።

አባባ አላወቀም። ስለዚህ ደብተር ገዛ። በማስመሪያ ሦስት መስመር አሰመረ። "ስም።" "አገር።" "የት።" የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የጠፋበትን ሰው ስምና መንደሩን ይጽፋል። "የት" የሚለውን ባዶ ይተወዋል። ከምዕራብ በኩል ጥሪ በመጣ ቁጥር፣ ከነቀምትም ይሁን ከጎሬ፣ ሰው ካገናኘ በኋላ አንድ ጥያቄ ያክላል። "እባክህ፣ እዚያ አካባቢ ከተሁለደሬ የመጡ ሰፋሪዎች አሉ?" ካሉ ስም ይጽፋል። በገበያ ቀን ሰው ሲሰበሰብ ያነብላቸዋል።

አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው እንድሪስ ይባላል። እያንዳንዱ ገበያ ይመጡና "አያ፣ በነቢ ይዤሃለሁ፣ እስቲ ደግመህ እይልኝ" ይላሉ። አባባ ያያል። የለም። "አብሽሪ" ይላቸዋል። ሄደው በሳምንቱ ይመለሳሉ። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። በ79 ከአሶሳ በኩል አንድ የጤና ረዳት ለሌላ ጉዳይ ደወለ። አባባ እንደልማዱ ጠየቀው። ረዳቱ ከዝርዝር ላይ ስም ያነብለት ጀመር። መስመሩ ይቆራረጣል። መሀል ላይ "ኢድሪስ" አለ። አባባ ጻፈና ቀጠለ። ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ ነው የገባው። እንድሪስና ኢድሪስ አንድ ስም ነው። እናት "እንድሪስ" ትላለች፣ መዝጋቢው "ኢድሪስ" ብሎ ይጽፋል። በበነጋው ደወለ። የአባት ስም ጠየቀ። መንደር ጠየቀ። እሱ ነው።

እናትየው ሲነገራቸው ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። አልጮኹም። "አልሐምዱሊላሂ" ብለው ብዙ ቆዩ። መኸር ሲገባ አንድ ቁና ማሽላ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። አባባ አልወስድም ብሎ ነበር። "ታዲያ ይሄን ልጅ አላገኘህልኝም ማለት ነው?" አሉት። ወሰደ።

ይሄን ታሪክ ለፈረንሳዊው ሳስተረጉም ድምፄ ተሰበረ። እሱም ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ገጹን በቀስታ ያገላብጣል። ፊደሉን አያነብም። ግን ሦስቱ መስመር ገብቶታል። ባዶውም የተሞላውም ይታያል። በመጨረሻ አባባን ጠቆመና "አባትህ 3611 ነው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሚኒቴል ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ብዙ ሰው ስለሱ ሲጽፍ የሚያነሣው 3615ን ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተው መስመር ነው። ማንኛውም ድርጅት አገልግሎቱን ያስገባል። ተጠቃሚው በደቂቃ አንድ ፍራንክ ገደማ ይከፍላል። ክፍያው ከስልክ ቢሉ ጋር ይመጣል። የስልክ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ቆርጦ የሚበልጠውን ለባለ አገልግሎቱ ይሰጣል። የባንክ ካርድ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ የይለፍ ቃል የለም። እንደ ሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። ወሩ ሲደርስ ትከፍላለህ። የባቡር ትኬት ተቆረጠበት። የባንክ ሂሳብ ታየበት። ልብስ ታዘዘበት። ተማሪው የመልቀቂያ ፈተናውን ውጤት አየበት። አባባ አግዳሚ ላይ የሚመለሱትን ጥያቄዎች አስታወሰኝ።

ሰው ግን ከሁሉ በላይ የወደደው ማውራቱን ነው። እሱም ሳይታሰብ የመጣ ነው ይባላል። ስትራስቡርግ ከተማ አንድ ጋዜጣ የከፈተው አገልግሎት ነበር። ተጠቃሚው ሲቸገር ሠራተኛው በጽሑፍ የሚረዳበት መንገድ ነበረው። አንዳንድ ልጆች መንገዱን አገኙና እርስ በርሳቸው ይጻጻፉበት ገቡ። ጋዜጣው ከመዝጋት ይልቅ ለሁሉም ከፈተው። በኋላ ጨዋታው የብልግናም ሆነ፣ ብዙ ገንዘብም አመጣ። ያን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን በሰኔ 1985 የደረሰው ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። የሰው ብዛት መረቡን ጣለው። ትራንስፓክ የሚባለው የመረጃ መስመር ለባንክና ለኩባንያ ተብሎ የተዘረጋ ነበር። የተራው ሰው ወሬ በዝቶበት ወደቀ። መሐንዲሶቹ የኩባንያውን ፍላጎት አስልተዋል። ሰው ሰውን የመፈለጉን መጠን አላሰሉም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሚኒቴል 9 ሚሊዮን ያህል ቤትና ቢሮ ውስጥ ነበር። 25 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጠቅሞበታል። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። ያኔ ፈረንሳዮች ራሳቸው ተከራከሩ። ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በአንድ ወቅት፣ ፓሪስ አጠገብ ያለችው የኦበርቪሊየ ዳቦ ጋጋሪ ባንኳን በሚኒቴል ትጠይቃለች፣ የኒው ዮርኳ ግን አትችልም ብለው ኮርተውበታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊዮኔል ዦስፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚኒቴል ወደ አዲሱ እንዳንሄድ ሊይዘን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ግን ልቤ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ያደላል። አንድን አገልግሎት ስመዝን መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። እማማ ትችለዋለች ወይ? ካልቻለችው ለማን ነው የተሠራው?

እኛም አገር እንዲህ የታሰበ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል። ለገበሬው የተከፈተው 8028 አንዱ ነው። ስማርት ፎን አይጠይቅም። ጥሪው በነጻ ነው። መቼ እንደሚዘራና ማዳበሪያ እንዴት እንደሚጨመር በቋንቋው ይነግረዋል። አጎቴ ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም። 8028 ግን ይደውላል።

ሚኒቴል እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2012 ተዘጋ። እስከ መጨረሻው ሳይለቁት ከቆዩት ውስጥ ብሪታኒ የሚባለው የፈረንሳይ ክፍል ላም አርቢዎች ነበሩ። ጥጃ ሲወለድ የሚያስመዘግቡት፣ ላም ስትፈልግ አዳቃይ የሚጠሩት በሱ ነው። በረት አጠገብ ያስቀምጡታል። አቧራ ለብሶ፣ የቆሸሸ እጅ እየነካው ይሠራል። የገጠሩ ኢንተርኔት ደካማ ስለነበር ሚኒቴሉ ይሻላቸው ነበር። የላም ሰው ነኝና ይሄ በደንብ ይገባኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ሲደርስ እኛም ወጣን። በኮምቦልቻ አድርገን ደብረ ብርሃን ገባን። ከኋላችን ስልክ ተቋረጠ። የቀረ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር የሚታወቅበት መንገድ የለም። እማማ ጥቂት ልብስ ነበር የያዘችው። አባባ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ስር ይዟል። መኪና ውስጥ "ምንድነው?" ስለው አልመለሰልኝም።

ያረፍነው ተፈናቃይ የሞላበት ትምህርት ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አባባ አጠገቤ የለም። ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሰዎች ተሰልፈዋል። ደብተሩ ጭኑ ላይ ተከፍቷል። ከኋላ በኩል ሳይጻፍባቸው የቀሩ ገጾች ነበሩ። እርሳሱን በምራቁ እያረጠበ ሦስት መስመር አስምሯል።

አንድ ወጣት ስልኩን እያሳየው "አባ፣ እኔ እኮ ፌስቡክ ላይ ለጥፌያለሁ" ይለዋል።

"ጥሩ አድርገሃል ልጄ" አለው አባባ። "እናትህ ፌስቡክ ታያለች?"

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ የእናቱን ስም ነገረው።

እኔ ደዋይ ሆንኩ። ስልክ ያላቸውን እየደወልኩ፣ ሌላ መጠለያ ያሉትን ሰው እየላኩ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ የገቡትን እየጠየቅኩ። አባባ ስሙን ሲጽፍ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። "ኑሪያ ነው ኑርዬ? ቤት ማን ብለው ነው የሚጠሯት?" ይላል። ስድስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። ኅዳር መጨረሻ አካባቢው ነጻ ሲወጣ ወደ ሐይቅ ተመለስን። ቤታችን ተዘርፎ ነበር። ማዳመጫው ግን ግድግዳው ላይ ነበር።

ደብተሩ ላይ የደብረ ብርሃኑ ስም 41 ነው። 38ቱ "የት" በሚለው ስር ተሞልቷል። ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ሸዋ ሮቢት፣ "ቤታቸው ናቸው" የሚልም አለ፣ "አርፈዋል" የሚልም አለ። ሦስቱ አሁንም ባዶ ናቸው። አባባ እርሳሱን እዚያ ገጽ መሀል አድርጎታል።